ዲንሾ ከልጆች ጋር፦ የደጋ አጋዘንን በእግር ሄዶ ማየት

እኔ በልጅነቴ አንበሳ ያየሁት ስድስት ኪሎ፣ በፍርግርግ ብረት ጀርባ ነው። ልጆቼ ደግሞ የአገራቸውን የዱር እንስሳት የሚያውቁት ከመማሪያ መጽሐፍ ሥዕልና ከቴሌቪዥን ብቻ ነበር። በዚህ ምክንያት ባለፈው ጥር፣ የትምህርት ቤት ዕረፍትን ጠብቀን፣ እኔና ባለቤቴ የአሥር ዓመት ሴት ልጃችንን፣ የስድስት ዓመት ወንድ ልጃችንንና እናቴን ይዘን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ወደሚገኝበት ወደ ዲንሾ ሄድን፤ በዚያም ሁለት ሌሊት አደርን። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ እንስሳትን ልጅ ይዞ፣ በእግር እየሄዱ፣ ያለ መኪና መስኮት በቅርብ ማየት ለሚፈልግ ቤተሰብ፣ እስካሁን ከጎበኘኋቸው ቦታዎች ሁሉ ዲንሾን አስቀድማለሁ። ይህን የምለው ግን ብርዱንና የከፍታውን ነገር አቅልዬ አይደለም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከአዲስ አበባ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሻሸመኔ በኩል መሄድ ይቻላል፤ እኛ የመረጥነው በአዳማ፣ በአሰላና በበቆጂ አድርጎ ዶዶላና አዳባ የሚያደርሰውን መንገድ ነው። የአርሲ የስንዴ ማሳ ታጭዶ ገለባው በየሜዳው ተከምሮ ስለነበር ልጆቹ አልሰለቹም፤ በቆጂ ስንደርስ ደግሞ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚህ መውጣታቸውን ስነግራቸው ከመኪና ወርደን ትንሽ ካልሮጥን ብለው አስቸገሩን። አርፍደን በመነሣታችን በመንገድ ላይ ካለች አንዲት ከተማ ማደር ግድ ሆነብን፤ ያረፍንበት ሆቴል ሙቅ ውኃ አለ ብሎ አስከፍሎን ሌሊቱን ሙሉ ጠብታ ሙቅ ውኃ አላገኘንም፣ ለአምስት ሰው የሰጡንም ሦስት ስስ ብርድ ልብስ ብቻ ነበር። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በአንድ ቀን ዲንሾ ቢገባ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከከተማዋ በላይ፣ ጥድና ኮሶ በሸፈነው ጉብታ ላይ ነው። የመግቢያ ክፍያ ከፍሎ፣ የአካባቢው ተወላጅ የሆነ አስጎብኚ ይዞ ይገባል፤ ለኢትዮጵያዊ ዋጋው ከውጭ አገር ጎብኚ ያነሰ ነው። የእኛ አስጎብኚ ወጣት ቢሆንም የእናቴን እርምጃ አይቶ መንገዱን የሚመርጥ፣ ልጆቹን በሹክሹክታ እንዲያወሩ ያስለመደ፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ገና ወደ ዛፎቹ ስንገባ እናቴ አንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ ሥር ቆማ፣ ቀይ ቀይ የሆነውን የተንጠለጠለ አበባ እያሳየች፣ በልጅነቷ ኮሶ ሲወቀጥ፣ በባዶ ሆድ ሲጠጣና ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉ ለልጆቹ ታወራ ጀመር። አስጎብኚው ሳያቋርጣት ከቆየ በኋላ እጁን በቀስታ አነሣና «እማማ፣ ትንሽ ዝም እንበል፤ ከኋላዎ ናቸው» አላት።

ከኋላዋ ሦስት እንስት አጋዘኖችና አንድ ትልቅ ወንድ ቆመው ነበር። የደጋ አጋዘን፣ ብዙዎቻችን ኒያላ እያልን የምንጠራው እንስሳ፣ በዓለም ላይ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት የኢትዮጵያ ደጋዎች ካልሆነ በቀር የትም አይገኝም፤ የሳይንሱ ዓለም ስሙን የመዘገበውም እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፣ ከአፍሪካ ታላላቅ የአጋዘን ዘሮች ሁሉ በመጨረሻ። ወንዱ ከእኛ ሃያ እርምጃ ያህል ቢርቅ ነው። ቀንዱ እንደ ጠመዝማዛ ምሰሶ ወደ ላይ ወጥቶ ጫፉ ነጣ ያለ፣ ጸጉሩ ግራጫ ያዘለ ቡናማ፣ በዓይኖቹ መካከል ነጭ ምልክት፣ በጎኑ ላይ ነጠብጣብና ደብዘዝ ያሉ ነጭ መስመሮች ያሉት ነበር። ቅጠል ሲቀነጥስ የጥርሱ ድምፅ ይሰማናል፤ ዝንብ ስታርፍበት አንዱ ጆሮው ብቻ ይነቃነቃል፤ በጧቱ ብርድ ትንፋሹ እንደ ጢስ ይወጣል። ወንዱ ልጄ እጄን ይዞ መጭመቁን እንጂ መናገሩን አላስታውስም።

እናቴ ከመቀነቷ የገንዘብ ቋጠሮዋን ፈትታ የአሥር ሳንቲም አወጣች። ከእኛ ዘመን ልጆች ብዙዎቹ አላስተዋሉትም ይሆናል፤ በአንድ በኩል አንበሳ፣ በሌላው በኩል ደግሞ ይኸው የደጋ አጋዘን አለበት። ልጄ ሳንቲሟን በመዳፏ ላይ አድርጋ አንዴ ወደ ታች አንዴ ወደ ዛፎቹ እያየች ቀንዱን ስታስተያይ ቆየች፤ እኔም አርባ ዓመት ሙሉ ሳንቲሙን ስይዝ ኖሬ በላዩ ያለው ምን እንደሆነ አንድም ቀን አለመጠየቄን ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው።

አጋዘኖቹ በዚህ ጉብታ ላይ ሰውን ያን ያህል የማይሸሹት ተገርተው ሳይሆን፣ በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ የሚያድናቸው ስለሌለ ነው። ፓርኩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጡ ወቅት ብዙ አጋዘኖች ታድነው ቁጥራቸው እጅግ አሽቆልቁሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ያገገሙት በጥበቃ ነው፤ ዛሬ ልጅ ይዘን ሃያ እርምጃ ያህል የምንቀርባቸው፣ ሠላሳ ዓመት በላይ በዚያ ብርድ ዙሪያውን ሲጠብቁ ያደሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። መስከረም 2016 ዓ.ም. ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዜናውን ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን እዚያ ጉብታ ላይ ቆሜ ነው።

በዚያው ጉዞ ከርከሮዎችም አየን፤ የፊት እግራቸውን አጥፈው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው ሣር ሲግጡ ልጆቹ ይጸልያሉ ወይ ብለው ጠየቁ። የምኒልክ ድኩላ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠቆር ያለ ጀርባውን አሳይቶን በቁጥቋጦው ውስጥ ጠፋ። ከዲንሾ አጠገብ ያለው የጋይሳይ ሜዳ ደግሞ ለደከመው ሰው ይመቻል፤ ከዋናው መንገድ ዳር ሆኖ አጋዘኑንም፣ ቦሆር የሚባለውን ሣር በል የሜዳ እንስሳም፣ ከርከሮውንም ማየት ስለሚቻል እናቴ ከሁሉ የወደደችው እሱን ነው።

አንድ ያሳዘነኝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከእኛ በኋላ የመጡ ጎብኚዎች ፎቶግራፍ ለማንሣት ብለው ለከርከሮ ግልገሎች ብስኩት ወረወሩ፤ ከላስቲኩ ጋር። አስጎብኚያችን ሄዶ በትሕትና ለመናቸው፣ ላስቲኩንም ለቅሞ በኪሱ ከተተ። የዱር እንስሳ ከሰው እጅ መብላት ከለመደ ወደ ከተማው ይወርዳል፣ ማሳ ይገባል፣ ከገበሬው ጋር ይጣላል፤ መጨረሻው ሞት ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ወላጆች ይህን ከቤት ሳትወጡ ንገሯቸው፤ እዚያ ደርሶ ከመቆጣት ይሻላል።

በሁለተኛው ቀን እናቴን የደም ግፊት ስላለባት ዲንሾ ትተን፣ በሮቤና በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ አምባ ወጣን። ከ4,000 ሜትር በላይ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል እዚህም እዚያም ለብቻው ቆሞ ከሩቅ የሰው መልክ ይይዛል፤ ከባሌ ተራሮች በከፍታ አንደኛ የሆነው ቱሉ ዲምቱም፣ 4,377 ሜትር፣ ከዚሁ አምባ ላይ ይነሣል። እዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚፈልገው ቀይ ቀበሮን ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ፣ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ይኖራሉ።

አንዱን ለአርባ ደቂቃ ያህል ተመለከትን፤ ከዲንሾው የሚለየው መኪናውን አቁመን ከውስጥ ሆነን በርቀት መነጽር ማየታችን ነው። መጀመሪያ ያየነው ቀበሮውን ሳይሆን ምግቡን ነው። በባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል፣ ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ፣ ዓይኖቹ ከራሱ አናት አጠገብ የተቀመጡ፣ ግማሽ ሰውነቱን ከጉድጓዱ አውጥቶ፣ ኋላውን ሳያወጣ፣ በአፉ የደረሰበትን ሣር እየነጨ ወደ ውስጥ ይስባል። አጠገቡ አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ አፈሩን ትጭራለች፤ ወፏ ድንገት ስትበር ፍልፈሉም ሰመጠ። ያን ጊዜ ቀበሮው ከጅብራው ጀርባ ብቅ አለ፤ ቀይ ጀርባ፣ ነጭ ጉሮሮ፣ ረዣዥም ቀጭን እግሮች። በጉድጓዱ አፍ ላይ ደረቱን ከመሬት አጣብቆ ተኛ፤ ጆሮዎቹ ብቻ ይዞራሉ። ልጄ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች፤ ፍልፈሉ ግን በዚያን ቀን አልወጣለትም።

ለቀይ ቀበሮ ከትልልቆቹ አደጋዎች አንዱ ከቤት ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑን አስጎብኚው ለልጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ አስረዳቸው፤ በሽታው በባሌ በተደጋጋሚ ተነሥቶ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል፣ በዚህም የተነሣ በአካባቢው ያሉ ውሾች በየጊዜው ይከተባሉ። ወደ ቤት ስንመለስ የወንዱ ልጄ የመጀመሪያ ጥያቄ የጎረቤታችን ውሻ ተከትቧል ወይ የሚል ነበር።

በሳነቴ ላይ ከሁለት ሰዓት በኋላ ትንሹ ልጄ ራሱን አመመው፤ ወዲያው ወደ ጎባ ወረድን፣ ዝቅ ስንል ተሻለው። ስለዚህ ልጅ ያለው ሰው ዲንሾ ቢያንስ አንድ ሌሊት ሳያድር በቀጥታ ወደ ሳነቴ እንዳይወጣ፣ ከወጣም ቶሎ ለመመለስ እንዲዘጋጅ አሳስባለሁ፤ ጡት የሚጠባ ሕፃን ግን ባይወጣ ይሻላል። ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱም ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ይጥላል። ጋቢ፣ የሱፍ ኮፍያና ጓንት ለሁሉም፣ ደረቅ ምግብና የሚጠጣ ውኃ ከከተማ፣ በቤተሰብ አንድ የርቀት መነጽር ቢያዝ በቂ ነው። እንስሳቱን ለማየት የሚበጀው ማለዳና ከአሥር ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ በቀትር ወደ ጥላ ስለሚገቡ እኛ በዚያ ሰዓት ምሳ በልተን ልጆቹን አስተኛን።

ከሳነቴ ወዲያ ቁልቁል ወርዶ የሚገኘውን የሐረና ደን፣ ጉሬዛውንና የጫካ ቡናውን፣ በዚህ ጉዞ አልደረስንበትም። ለዚያ ሦስተኛ ሌሊት ያስፈልጋል፤ እናቴም በሻሸመኔ በኩል፣ ቀስ ብለን፣ ለመጪው ዓመት ጥር እንድንመለስ ከወዲሁ ቀጠሮ ይዛለች። የአሥር ሳንቲሟን ግን ልጄ አልመለሰችላትም።