ለአስማሚዋ ባለሙያ ምስጋና፣ ለሰፈራችን ሰዎች ደግሞ ጥቆማ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በማኅበር ቤት የምንኖር ሰዎች የክረምት ጎርፍ ጎረቤትን ከጎረቤት እንዴት እንደሚያቃቅር እናውቃለን። የእኔና የጎረቤቴ ጠብም የተነሣው እርሳቸው ግቢያቸውን በገረጋንቲ ካስደለደሉ በኋላ ውሃው በአጥሩ ሥር ሾልኮ ወደ ጓዳዬ መግባት በመጀመሩ ነው። ያ ሁሉ ክርክር በስምምነት ስላለቀ፣ በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በአስማሚነት የሚያገለግሉትን ወይዘሮ በአደባባይ ማመስገን ይገባኛል።

እዚያ እስክንደርስ ያየሁት እንግልት ቀላል አልነበረም። አንዱ ቢሮ ጉዳዩ የሌላው ነው እያለ ሲያመላልሰኝ ከረመ፤ አንድ የሕግ ባለሙያም ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ስልክ ማንሣት ተወ። ሽምግልና የአባቶቻችን ወግ ነውና ሽማግሌ አስቀምጠን ነበር፤ ሆኖም አንደኛው ሽማግሌ ከጎረቤቴ ቤት ምሳቸውን በልተው ሲወጡ “አንቺ ታገሺ” ብለውኝ ሄዱ። ለመሆኑ እህሏ የረጠበባት ሴት የምትታገሠው እስከ መቼ ነው?

ክስ ከመሠረትኩ በኋላ ነገሩ በፍርድ ቤት መር አስማሚነት እንዲታይ ተስማማን። አሠራሩ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 የተደነገገ ነው። አስማሚው እንደ ዳኛ አይፈርድም፤ ባለጉዳዮቹ ራሳቸው መፍትሔ ላይ እንዲደርሱ ያግዛል፣ የተነገረውንም በምስጢር ይይዛል። ስምምነት ከጠፋ መዝገቡ ወደ ችሎት ይመለሳል፤ ከተገኘ ግን ፍርድ ቤቱ ሲያጸድቀው እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

የወይዘሮዋን ችሎታ ያየሁት እኔ በንዴት የዘረገፍኩትን ሁሉ አድምጠው ሲጨርሱ ነው። የስድቡን ቃል ሁሉ አውጥተው፣ ከበደሌ ግን ምንም ሳይቀንሱ፣ መልሰው ለጎረቤቴ ነገሯቸው። ጎረቤቴ አቀርቅረው ቆዩና “እህሉ መበላሸቱን ማን ነገረኝ?” አሉ። ውሃውን ለማስወጣት ስለሚቆፈረው ቦይ ተዳፋትና ስለሚቀበረው ቱቦ ስፋት የተባባሉት ዛሬም አልገባኝም፤ የገባኝ ግን ስምምነቱ ሲጻፍ ወይዘሮዋ “ከክረምት በፊት” የሚለውን ሰርዘው “እስከ ግንቦት 30” ብለው ማስተካከላቸው፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንም ሳይጻፍ እንዳንፈርም መከልከላቸው ነው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሌላ ቦታ አላየሁም። እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ቦዩ ተቆፍሮ ቱቦው ተቀብሯል፤ ጓዳዬም ደርቋል። በወሰን፣ በፍሳሽ ወይም በአጥር የተጣላችሁ የሰፈሬ ሰዎች፣ እባካችሁ ለዓመታት በቀጠሮ ከመንከራተታችሁ በፊት ይህን መንገድ ሞክሩት። ክስ ከፍታችሁም ቢሆን ፍርድ እስካልተሰጠ ድረስ መዝገብ ቤቱን ወይም ችሎቱን ስለ አስማሚነት መጠየቅ ትችላላችሁ። ስትሄዱ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታችሁንና የጉዳቱን ፎቶግራፍ ያዙ፤ ወይዘሮዋ መጀመሪያ የጠየቁን እነዚህን ነበር።