ኮሌጅ ላይ ቀድሞ የመመዝገብ ዕድል፦ አሪፍ ነው፣ ግን ማን ነገረን?

ካሊፎርኒያ ውስጥ በአሳዳጊ ቤተሰብ እጅ ነው ያደግኩት። አምና ኮሌጅ ስገባ ከሥራ ሰዓቴ ጋር የሚገጥመው ብቸኛው የባዮሎጂ ላብ (የቤተ ሙከራ ትምህርት) ሞልቶ ጠበቀኝ። ለካ በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ እንደኔ ያሉ ተማሪዎች ቀድመው መመዝገብ ይችላሉ! አንድም የነገረኝ ሰው የለም።

ዘንድሮ በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር እንደነበርኩ የሚያሳየውን ደብዳቤ ይዤ ወደ ኮሌጁ ቢሮ ሄድኩ። የቢሮዋ ሴትዮ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ «ፎስተር ነሽ እንዴ?» አለችኝ፤ በአሳዳጊ ነው ያደግሽው ማለቷ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ደግሞ ሁለቴ አመላለሱኝ።

ብቻ የምዝገባ ተራዬ መጀመሪያው ቀን ላይ ሆነ። ጠዋት አንድ ሰዓት ቡናዬን ይዤ የመመዝገቢያውን ገጽ ስከፍት ላቡ ገና 22 ክፍት ቦታ ነበረው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ለኮሌጁ ያልተከፈለ ዕዳ ካለባችሁ ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ጓደኛዬ በ18 ዶላር የላይብረሪ ቅጣት ከምዝገባ ታግዳ ተራዋ አልፏታል።