ደብረ ብርሃን የሚሠራው የብረት ጎተራ፦ ሥራውና ልኬቱ

ለገብስና ለስንዴ ጎተራ ማሠራት ለሚፈልግ ደብረ ብርሃን ያለው ይህ የላሜራ ሥራ ቤት ጥሩ ነው፤ ብየዳው ጥብቅ፣ ጠርዙም እጅ የማይቆርጥ። ዋጋ የሚተምነው በካሬ ሜትር ስለሆነ ግን የገጽታውን ስፋት አብራችሁ አስሉ። ዲያሜትሩ 1 ሜትር፣ ግድግዳው 1.5 ሜትር፣ ክዳኑ ሾጣጣ ከሆነ፦ ግድግዳው 3.14 × 1 × 1.5 = 4.71፣ ወለሉ 0.785፣ ክዳኑ 3.14 × 0.5 × 0.6 = 0.942፤ በድምሩ 6.44 ካሬ ሜትር ገደማ።

0.6 ከሾጣጣው ጫፍ እስከ ጠርዙ በገጹ ላይ የሚለካው ነው። ቀጥ ያለው ከፍታ 33 ሳንቲም ብቻ ስለሆነ በእሱ ከተሠላ ላሜራው ያንሳል።

የግምት ወረቀቱን በደንብ እዩት። ግድግዳውና ክዳኑ የሚገናኙበት ክብ ክፍት ነው፣ ላሜራ አይበላም፤ ሠሪዎቹ ሲሊንደሩንና ሾጣጣውን ሁለቱንም እንደ ዝግ ዕቃ ለየብቻ አስልተው ሲደምሩ ግን ክቡ ሁለቴ ይገባና 0.785 × 2 = 1.57 ካሬ ሜትር በከንቱ ያስከፍላል። ለመደራረቢያና ለቁርጥራጭ የሚጨምሩት አግባብ ነው።