ፒያሳ ያለው የስፖርት ስኮላርሺፕ ማማከር አገልግሎት

የወንድሜን ልጅ ይዤ ጎንደር ፒያሳ ወደሚገኝ የአሜሪካ ኮሌጅ ስኮላርሺፕ አማካሪ ቢሮ ሄጄ ነበር። አማካሪዋ የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ማኅበር) ዲቪዥን 2 (ሁለተኛ ምድብ) ኮሌጆች ለአሜሪካን ፉትቦል ቡድናቸው ቢበዛ ከ36 ሙሉ ስኮላርሺፕ ጋር እኩል የሆነ ገንዘብ፣ ለወንዶች እግር ኳስ ደግሞ ከ9 ሙሉ ስኮላርሺፕ ጋር እኩል የሆነ ገንዘብ ብቻ እንደሚፈቀድላቸው፣ አሰልጣኞቹም ይህንኑ ሸንሽነው ለብዙ ተጫዋቾች ስለሚያከፋፍሉት አብዛኛው ተመልማይ ከፊል ድጋፍ ብቻ እንደሚደርሰው ወረቀት ላይ እያሰላች ማስረዳቷ እጅግ ጠቅሞናል። ዲቪዥን 3 የስፖርት ስኮላርሺፕ ጨርሶ ስለማይሰጥ፣ አሰልጣኞቹ ተጫዋች የሚስቡት በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ አቅም ላይ በተመሠረተ ድጋፍ ነው፤ ስለዚህም ከጨዋታው ቪዲዮ ይልቅ የልጁን ትራንስክሪፕት አስቀድማ መመልከቷን ወድጄዋለሁ። ክፍያው ተመጣጣኝ ነው። በር ላይ የተለጠፈው «ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚለው ማስታወቂያ ግን ውስጥ ከሚሰጠው ሐቀኛ ማብራሪያ ጋር ስለሚጋጭና ወላጆችን ስለሚያሳስት በአስቸኳይ ሊነሣ ይገባል።