ኒውዮርክ ባተሪ ፓርክ ላይ ሰደርያ ለብሰው ቲኬት የሚሸጡትን እንዳትሰሟቸው

ሰላም ወገኖች፣ በዚህ ሰመር እናት አባት ከአገር ቤት አስመጥታችሁ ኒውዮርክ ወስጄ ላሳያቸው የምትሉ ካላችሁ እቺን አንብቡና ሂዱ። እኔ ሳላጣራ ሄጄ 150 ዶላር ተበልቻለሁ፣ ከብሩ በላይ ደግሞ ያናደደኝ እናቴ ፊት መሸወዴ ነው። አሜሪካ 14 ዓመት ኖሬያለሁ፣ እንግሊዝኛ አልቸገረኝም፣ አዲስ ገቢ አይደለሁም፣ ግን ጥርግ አድርገው በሉኝ።

እኛ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። እማዬ ከመጣች ጀምሮ ሞል በላት ሬስቶራንት በላት ግድም የላት፣ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "ያቺ ችቦ የያዘችው ሴትዮ እግሯ ስር ቆሜ ፎቶ አንሳኝ" አለችኝ። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነስተን እኔ፣ እማዬና የ9 ዓመቷ የእህቴ ልጅ በባስ ኒውዮርክ ገባን፣ ከዛ በሰብዌይ ቦውሊንግ ግሪን ወረድን፣ ሐውልቷ ወዳለችበት ደሴት የሚሄደው ጀልባ ከሚነሳበት ከባተሪ ፓርክ አጠገብ ያለ ጣቢያ ነው። የሰብዌዩን ደረጃ ወጥተን ሳንጨርስ አንዱ ከች አለ። ደማቅ ሰደርያ ለብሷል፣ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል፣ እጁ ላይ ካርታና የካርድ ማሽን ይዟል፣ ማን ይጠረጥረዋል? የከተማው ሰራተኛ ነው የሚመስለው። "ስታቹ ኦፍ ሊበርቲ ነው?" አለኝ፣ አዎ አልኩት። "የደሴቱ ቲኬት ለዛሬ አልቋል፣ ሰልፉም ሦስት ሰዓት ነው፣ እኛ ጋ ግን በ20 ደቂቃ ውስጥ የሚነሳ ጀልባ አለ" አለኝ። ዞር ብዬ ሳይ እውነትም ረጅም ሰልፍ አለ። እማዬን ሳያት ጉልበቷን ይዛ ቆማለች። በቃ እዛው ጋ ተሸነፍኩ።

165 ብሎ ጀምሮ "ለእናት ሲባል 150" አለኝ፣ እንደ ደላላ። ኪሴ ውስጥ የነበረችውን 60 በካሽ ሰጠሁት፣ የቀረውን 90 በካርድ። "ስታቹ ላይ ነው አይደል የምንሄደው?" ብዬ ጠይቄዋለሁ እኮ! መልሱን ልብ በሉልኝ፣ "የስታቹ ክሩዝ ነው፣ በጣም ትጠጋላችሁ" ነው ያለኝ። አልዋሸም፣ ግን እውነቱንም አልተናገረም። ትወርዳላችሁ አላለኝም፣ እኔም ትወርዳላችሁ ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ከዛ ሰልፉ ያለበትን ትተን ሌላ ወደብ በእግር ወሰዱን፣ እማዬ እያነከሰች። 20 ደቂቃ የተባለው ከአንድ ሰዓት በላይ ሆነ። ጀልባው ተነሳ፣ ደህና ነው፣ ነፋሱም ጥሩ ነው፣ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ቆመች። ሐውልቷ ጋ ስንጠጋ ሞተሩ ቀዘቀዘና በድምጽ ማጉያው "ፎቶ ማንሻው አሁን ነው" ተባለ። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተጋፋ። ትንሽ ቆይቶ ጀልባው አፍንጫውን ማዞር ጀመረ። እማዬ "ታዲያ መውረጃው በየት በኩል ነው?" አለችኝ። እኔ አሁንም ወደ ኋላ በኩል ዞሮ ሊያቆም ይሆናል እያልኩ ራሴን እያታለልኩ ነው። የእህቴ ልጅ ናት ቀድማ የገባት፣ ደሴቱ ላይ የቆመ ሌላ ትልቅ ጀልባ እያሳየችኝ "አንክል፣ እነሱ እየወረዱ ነው፣ እኛ ለምን አንወርድም?" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ስንመለስ ሰደርያ ለባሹ የለም፣ ሌላ ሰደርያ ለባሽ ነው ያለው፣ እሱ ደግሞ እኔ አልሸጥኩልህም ይላል።

ማታ ሆቴል ገብቼ ነው ቁጭ ብዬ ያጣራሁት፣ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን። ለካ ደሴቱ ላይ መግቢያ ክፍያ የሚባል ነገር ራሱ የለም፣ ቦታው የናሽናል ፓርክ ሰርቪስ (ብሔራዊ ፓርኮችን የሚያስተዳድረው የመንግስት መስሪያ ቤት) ነው፣ የሚከፈለው ለጀልባው ብቻ ነው። ጎብኚ ጭኖ ደሴቱ ላይ እንዲያወርድ ፓርኩ የፈቀደለት ደግሞ አንድ ድርጅት ብቻ ነው፣ ስታቹ ሲቲ ክሩዝስ ይባላል። ዋጋው ለአዋቂ ወደ 25 ዶላር ነው፣ 62 ዓመት ለሞላው ቅናሽ አለው፣ ለልጅም ይቀንሳል፣ ከ4 ዓመት በታች በነጻ ነው። ለሦስታችን ቢበዛ 65 ዶላር አካባቢ ነበር የሚመጣው! በዛ ላይ ያው ቲኬት ኤሊስ አይላንድንም ይጨምራል፣ ከ1892 እስከ 1954 ስደተኞች እየተመዘገቡ የገቡበትን ቦታ ማለት ነው፣ እንደኛ ላለ ሰው ከሐውልቷ የማይተናነስ ቦታ ነው። ሁለቱም ሙዚየሞችና የጆሮ ማዳመጫው አስጎብኚ እዛው ውስጥ ተካተዋል።

ቲኬቱን ወይ ቀድማችሁ ከራሱ ድርጅት ዌብሳይት ትገዛላችሁ፣ ወይ ባተሪ ፓርክ ውስጥ ካስል ክሊንተን የሚባለው ክብ የድንጋይ ምሽግ አለ፣ እዛ ውስጥ ያለው መስኮት ጋ። ማንሃተን በኩል ሌላ የለም። መንገድ ላይ ቆሞ የሚሸጥ ኦፊሻል ሰው የለም፣ ሰደርያው ላይ ምንም ተጽፎበት ይሁን። ጉግል ላይ ስትፈልጉም ከላይ የሚመጣው ማስታወቂያ ነው፣ ስሙን አመሳስለው የከፈቱ ሞልተዋል፣ ወደታች ውረዱ ወይ ከናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ገጽ ላይ ተነስታችሁ ግቡ። ዘውዷ ድረስ መውጣት የፈለገ ደግሞ ከወራት በፊት መያዝ አለበት፣ ሊፍት አይደርስም፣ 162 ጠባብ ደረጃ ነው፣ ስለዚህ "የዘውድ ቲኬት ለዛሬ አለኝ" የሚላችሁን ሰው ጥላችሁት ሂዱ። "ዛሬ ደሴቱ ዝግ ነው" የሚልም አለ፣ የሚዘጋው በታንክስጊቪንግና በክሪስማስ ነው፣ አየሩ በጣም ካልከፋ በስተቀር።

ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ በመኪና ለምትሄዱ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ማንሃተን መግባት ራሱ አያስፈልጋችሁም። ኒውጀርሲ በኩል ሊበርቲ ስቴት ፓርክ አለ፣ ያው ድርጅት ከዛም ጀልባ አለው፣ ዋጋው አንድ ነው፣ ፓርኪንግ አለ፣ ግርግሩም ያን ያህል አይደለም። ልዩነቱ ከዛ የሚነሳው መጀመሪያ ኤሊስ አይላንድ ነው የሚያደርሳችሁ። ይሄን ቀድሜ ባውቅ የእማዬ ጉልበት ያን ሁሉ አይሰቃይም ነበር።

በሩቅ ማየት ብቻ ይበቃኛል ለምትሉ ደግሞ ምንም መክፈል የለባችሁም፣ ስታተን አይላንድ ፌሪ የሚባለው ብርቱካንማ ጀልባ ከ1997 ጀምሮ በነጻ ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይሰራል፣ ለአንድ ጉዞ 25 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ በሐውልቷ ፊት ነው የሚያልፈው። ማለትም እኔ 150 ዶላር የከፈልኩበት እይታ ማለት ነው። እሁድ ወደ ደሴቱ የሚሄደው ጀልባ ከባሳችን ሰዓት ጋር ስላልገጠመልን በዚህ ወሰድኳቸው፣ እዛም ተርሚናሉ በር ላይ ቲኬት ሊሸጥልን የሞከረ ነበር፣ አስቡት፣ የነጻ ጀልባ ቲኬት! እማዬ ስንገባ ማንም ሳይጠይቃት ሲቀር "ተው፣ ኋላ ስንወጣ ነው የሚያስከፍሉን" ብላ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ እንደያዘች ደርሰን ተመለስን።

ሴንትራል ፓርክ ያሉት ባለሦስት እግር ሳይክሎች ላይም ዋጋ ሳትስማሙ እንዳትወጡ። ሂሳቡ በደቂቃ ነው፣ ታሪፉም ሳይክሉ ላይ መለጠፍ አለበት። ሰው የሚሸወደው "5 ዶላር" ሲሉት ለጉዞው መስሎት ነው፣ 5 በደቂቃ ማለት ግማሽ ሰዓት 150 ነው። እኛ ለጥቂት ተርፈናል፣ ያን ቀን ማንንም ስለማላምን።

ዲሲ የምታስጎበኙ ሰዎችም እዚሁ ደጃችን ሽወዳ አለ። የስሚዝሶንያን ሙዚየሞች መግቢያ እዚህ ሁሉም በነጻ ነው፣ የእንስሳት ማቆያውም በነጻ ነው (ፓርኪንጉ ግን ያቃጥላል)፣ ካፒቶል (የኮንግረሱ ህንጻ) ውስጥ ማስጎብኘቱም በነጻ ነው። ለአፍሪካን አሜሪካን ሙዚየም ሰዓት ያለው ፓስ ቀድሞ መያዝ አለበት፣ እሱም በነጻ ነው። ዋሽንግተን ሞኑመንት ኦንላይን ስትይዙ 1 ዶላር ብቻ ነው ሰርቪስ የሚወስዱት። እነዚህን ፓኬጅ አድርጎ "መግቢያ ተካቷል" ብሎ የሚያስከፍል ሲመጣ፣ የትኛውን መግቢያ ነው የምታስከፍለኝ በሉት።

እኔ የካርዱን 90 ዶላር አስመልሻለሁ። ክሬዲት ካርድ ስለነበር ባንኩ ጋ ደውዬ ዲስፒውት (የክፍያ አቤቱታ) አስከፈትኩ፣ የተሸጠልኝ ሌላ የተሰጠኝ ሌላ ነው ብዬ፣ ጊዜ ወስዶ ግን ተመለሰ። ስቴትመንቱ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ በጽሁፍም ብታሳውቁ ነው የሚሻለው። ካሹ 60 ዶላር ግን ሄደ፣ እሱን ማንም አይመልስም፣ ስለዚህ "በካሽ ከሆነ እቀንስልሃለሁ" ሲላችሁ ለምን እንደሚቀንስ አስቡት። ባንኩ ማስረጃ ሲጠይቀኝ ያዳነኝ የእህቴ ልጅ ቲኬቱን ለማስታወሻ ብላ ደብተሯ ውስጥ ለጥፋው ስለነበር ነው፣ ከጀርባው በደቃቁ "ደሴቱ ላይ አያቆምም" ተብሎ ተጽፎበታል፣ ሻጩ ግን ይሄን አልነገረኝም። እሱን ፎቶ አንስቼ ከሻጩ የካርድ ሪሲት ጋር ላክሁላቸው። እናንተም ቲኬት ከገዛችሁ በኋላ ሳይሆን ከመክፈላችሁ በፊት ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡት።