የኦክስፎርድ ለርነርስ ዲክሽነሪ ድረ ገጽ፦ ለፈሊጥ ፈላጊ ምን ያህል ይጠቅማል?

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ምስጢር ሲወጣ አዘውትረው የሚሉት «ሌት ዘ ካት አውት ኦቭ ዘ ባግ» ነው። ቃል በቃል ከተወሰደ ድመትን ከከረጢት ስለ መልቀቅ የሚያወራ ይመስላል፤ ተማሪ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ይህን ፈሊጥ ለመረዳት የኦክስፎርድ ለርነርስ ዲክሽነሪን ነጻ ድረ ገጽ እንመክራለን፤ ለአጠቃቀሙ ግን ብቻውን አይበቃም።

ትልቁ ብርታቱ ፍቺው ላይ ነው። «ምስጢር ማውጣት» ብሎ አያበቃም፤ በግዴለሽነት ወይም በስህተት መናገር መሆኑንም ይጨምራል። ይህች ጭማሪ ወሳኝ ናት። አንድ ሰው ለእህቱ በድብቅ የልደት ድግስ እያሰናዳ ነው እንበል። ጓደኛው እህትየውን አግኝቶ «ቅዳሜ ምን ልትለብሺ ነው?» ቢላት ነገሩ አለቀ፤ ፈሊጡ የተሠራው ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። እኛ «አፉ አመለጠው» እንደምንለው ማለት ነው። አስቦበት ሰነድ ለጋዜጠኛ ያቀበለ ሠራተኛ ግን እዚህ አይገባም፤ የመሥሪያ ቤቱን ጥፋት ሊያጋልጥ ከሆነ «ብሎው ዘ ዊስል» ይባላል። ሲወተውቱት የሚያውቀውን ሁሉ የዘረገፈው ደግሞ «ስፒል ዘ ቢንስ» ይስማማዋል።

አፈላለጉ ትንሽ ብልሃት ይጠይቃል። ፈሊጦቹ የሚገኙት በአንድ ቃል ሥር፣ ከተራ ፍቺዎቹ ሁሉ በኋላ፣ ገጹ መጨረሻ ላይ ነው። እንደ «ሌት» ያሉ በጣም የተለመዱ ግሦች ይታለፉና ፈሊጡ በቀጣዩ ዋና ቃል ሥር ይመደባል። ስለዚህ «ካት» የሚለውን ስም ከፍተው ወደ ታች ይውረዱ። የመጀመሪያውን ፍቺ ብቻ አይቶ ገጹን የሚዘጋ ሰው የቤት እንስሳውን አንብቦ ይመለሳል።

ድክመቱ ምሳሌው ላይ ነው። አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር የተማሪን ስህተት አታስቀርም። «ሌት» ለኃላፊ ጊዜም ቅርጹን አይለውጥም፤ «ሌትድ» ማለት ነውር ነው። «ዘ ካት» በ«ኤ ካት» አይተካም፣ ድመቷም አትበዛም፤ ምስጢሩ አሥር ቢሆንም ያው አንድ ድመት ናት። ምን እንደወጣ ለመግለጽ «አባውት» ይከተላል። ማን እንዳወጣው መናገር ካልተፈለገ ደግሞ «ዘ ካት ኢዝ አውት ኦቭ ዘ ባግ» ይባላል፤ አማርኛው «ነገሩ ወጥቷል» ነው፣ ከእንግዲህ መደበቅ እንደማይቻልም ይጠቁማል። ለቤተሰብና ለባልደረባ ወሬ ያምራል፤ በውልና በፍርድ ቤት ጽሑፍ ግን ቦታው «ይፋ ማድረግ» የሚል ፍቺ ያለው የ«ዲስክሎዝ» ነው።

ስለ አመጣጡ የሚወራውን ሁሉ ማመን አያስፈልግም። በገበያ አሳማ ነው ብለው ድመት በከረጢት ሸጡ የሚለው ታሪክ በሰፊው ይነገራል፣ ማስረጃ ግን አልተገኘለትም። በጽሑፍ የታወቀው ቀደምት አጠቃቀም በ1760 በለንደን ማጋዚን የወጣ የመጽሐፍ ግምገማ ነው።

የምሳሌውን ጉድለት ለመሙላት የሎንግማን መዝገበ ቃላትን ድረ ገጽ ጎን ለጎን ይክፈቱ፤ ከእውነተኛ ጽሑፎች የተቀዱ ዓረፍተ ነገሮችን ያቀርባል። ፍቺውን ከኦክስፎርድ፣ አገባቡን ከዚያ ቢወስዱ ይሻላል።