«ዜሮ ናይትሬት፣ ዜሮ ፎስፌት» እያለ የሚሸጥላችሁን ሰው ተጠንቀቁት

የባህር ውሃ አኳሪየም ከነኮራሉ ለማቆም ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። በተለይ «ውሃውን ዜሮ የሚያደርግ ጥቅል» የሚባል ነገር ከቀረበላችሁ። ናይትሬትና ፎስፌት ከዓሣ ምግብና ኩስ ውሃው ውስጥ የሚቀሩ፣ አልጌ የሚመገባቸው ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ጥቅሉ እነሱን ጠርጎ ያወጣል። እኔ ገዝቼዋለሁ። ከአራት ኮራሎቼ ሁለቱ ሞቱ። ሦስት ቀንድ አውጣዎችም አለቁብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ሱቅ አለኝ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል 200 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አቆምኩ። ድንጋዩ ደረቅ፣ ዓሣው ሁለት ብቻ። ኮራሎቹ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጡልኝ። አዘዞ ኤርፖርት ሄጄ ተቀበልኩና ካርቶኑን እንደ ሕፃን ታቅፌ በባጃጅ ወደ ቤት አመጣሁት።

የሸጠልኝ ልጅ በስልክ አንድ ነገር ደጋግሞ ነገረኝ። «ጋሼ፣ አዲስ አኳሪየም የሚበላሸው በአልጌ ነው። ጥቅሉን ካልወሰዱ ለኮራሎቹ ዋስትና አልሰጥም።» ጥቅሉ ሦስት ነገር ነበር። ፎስፌት የሚመጥጥ የዝገት ቀለም ያለው ጥራጥሬ፣ ናይትሬት የሚበሉ ባክቴሪያዎች የሚባዙበት ነጭ እንክብል፣ ለ500 ሊትር ውሃ የተሠራ ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ ከውሃው የሚያወጣ መሣሪያ)። ዋጋው 31 ሺህ ብር። ከዚያ በየወሩ ለጥራጥሬ መቀየሪያ 3 ሺህ ብር። ደረሰኝ ስጠይቀው «እልክልዎታለሁ» አለ። እስከ ዛሬ አልላከም።

እቃዎቹ የውሸት አይደሉም፤ ይሄንን ልብ በሉ። የተባሉትን ሥራ በደንብ ይሠራሉ። ብዙ ዓሣ ላለበት፣ ናይትሬቱ 40 እና 50 ሚሊግራም በሊትር ለደረሰበት አሮጌ አኳሪየም መድኃኒት ናቸው። ጥፋቱ ሁለት ዓሣ ላለው አዲስ ውሃ መሸጣቸው ላይ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ኮራል ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። በብርሃን ምግብ ሠርተው ቤት የሰጣቸውን ኮራል ይመግባሉ። እነሱ ደግሞ ከናይትሬትና ከፎስፌት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ካላገኙ አይኖሩም። አሁን የእኔን ውሃ አስቡት። የቧንቧውን ውሃ በአርኦ ፊልተር አጣርቼዋለሁ፤ ስለዚህ ምንም የለበትም ማለት ይቻላል። የአኳሪየም ጨዉም ናይትሬትና ፎስፌት አይጨምርም። ደረቁ ድንጋይ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፎስፌትን ራሱ ይመጥጣል። የቀረው ለሁለት ዓሣ የምበትናት ቁንጥር ምግብ ናት። እሷንም ሦስቱ እቃዎች ይሻሙባታል።

በሦስተኛው ሳምንት ለካሁ። ናይትሬት 0፣ ፎስፌት 0። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። «በጣም ጎበዝ! ውሃዎ ንጹሕ ነው» አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር ያደርኩት።

መጀመሪያ ያስተዋለችው እናቴ ናት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ገብታ አየችና «ልጄ፣ ይኼ ነገር ፊቱ ገርጥቷል፤ ጾም አስገባኸው እንዴ?» አለችኝ። አኳሪየም ምን እንደሆነ ማንም ነግሯት አያውቅም። ግን ልክ ነበረች። ቡናማው ኮራል ወደ ነጭ እየሄደ ነበር።

ቀጥሎ አሸዋው ላይ ቡናማ ንፍጥ ነገር ታየ። እንደ ክር ይሳባል፤ አረፋ አዝሏል። ማታ መብራት ሲጠፋ ይቀንሳል፣ ጠዋት ሲበራ ተመልሶ ይመጣል። ደወልኩለት። «አልጌ ነው ጋሼ። ጥራጥሬውን እጥፍ ያድርጉት፣ ውሃውንም ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ» ብሎ ሁለት ተጨማሪ ከረጢት በ6 ሺህ ብር ላከልኝ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ንፍጡ ዳይኖፍላጀሌት የሚባል ረቂቅ ፍጥረት ነው። ናይትሬትና ፎስፌት ተሟጠው ሲያልቁ ሌሎቹ አልጌዎች ይዳከማሉ፤ እሱ ሜዳውን ብቻውን ይወስደዋል። አንዳንዱ ዓይነት መርዝ አለው፤ ቀንድ አውጣዎቼ እየጋጡት ነው የሞቱት። ስለዚህ በሽታውን ያመጣውን ነገር ጨምሬ ገዛሁ ማለት ነው።

ሻጩ የሚመካበት አንድ ክርክር አለው፤ እናንተም ትሰሙታላችሁ። «ቀይ ባህር ውስጥ ናይትሬት ዜሮ ነው ማለት ይቻላል፤ ኮራሉ ግን ያምራል።» ውሃው ሲለካ ዝቅተኛ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን እዚያ ሞገዱ ቀንና ሌሊት ፕላንክተን ያመጣል፤ መንጋ ዓሣ ከላይ ኩሱን እየጣለ ያልፋል። ምግቡ አይቋረጥም። መስታወት ሳጥን ውስጥ ከእጄ ከሚወድቀው በቀር ምንም አይመጣም።

ያተረፈኝ ሁሉንም ማቆሜ ነው። ጥራጥሬውንና እንክብሉን አወጣሁ። ስኪመሩን ሌሊት ብቻ አሠራው ጀመር። ውሃ መቀየሩን ለጊዜው ተውኩ። ዓሣዎቹን በቀን አንዴ የነበረውን ሦስቴ መገብኩ። ላብራቶሪ የሚሠራ ወዳጄ ንጹሕ ሶዲየም ናይትሬት መዘነልኝ። 0.27 ግራም የ200 ሊትር ውሃን ናይትሬት በ1 ሚሊግራም በሊትር ከፍ ያደርጋል። በየቀኑ እየለካሁ ቀስ ብዬ ወደ 5 አደረስኩት። ፎስፌቱ ይበልጥ አስቸገረኝ፤ ማታ የጨመርኩትን ድንጋዩ እየመጠጠ ጠዋት እንደገና ዝቅ ይላል። አሁን ናይትሬት 6፣ ፎስፌት 0.06 ላይ ናቸው። ንፍጡ ከስድስት ሳምንት በኋላ ለቀቀ። የተረፉት ሁለቱ ኮራሎች ቀለማቸው እየተመለሰ ነው።

አንድ ሰው «ምን አስጨነቀህ፣ ማዳበሪያ ጣል አድርግበት» ብሎኝ ነበር። እባካችሁ እንዳታደርጉት። ዩሪያ ውሃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፣ አሞኒያ ደግሞ ዓሣ ይገድላል። ለእርሻ የተዘጋጀ ማዳበሪያ ለመስታወት ሳጥን አልተሠራም።

ስትገዙ ሻጩ ምን እንደሚጠይቃችሁ አድምጡ። ስንት ዓሣ አላችሁ? በቀን ስንቴ ትመግባላችሁ? ዛሬ ናይትሬታችሁ ስንት ነው? እነዚህን ሳይጠይቅ ጥቅል የሚያቀርብ ሰው የእናንተን ውሃ አያውቀውም። ናይትሬት ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ከሆነ ለአዲስ አኳሪየም ጥሩ ነው፤ ከውሃው መውጣት ያለበት ነገር የለም። የፎስፌት መለኪያውንም ተጠንቀቁ። በቀለም የሚነበበው ርካሹ ኪት 0ን ከ0.05 አይለይም፤ ዲጂታሉ ይሻላል። በቴሌብር ሙሉውን ቀድማችሁ አትላኩ። ደረሰኝ ያዙ፣ እቃው ካልተከፈተ እንደሚመለስ በጽሑፍ ተስማሙ።

ያልተከፈቱትን ሁለት ከረጢቶች እንዲቀበለኝ ጠይቄው ነበር። «የተሸጠ አይመለስም» አለኝ። ባለፈው ሳምንት አዘዞ አዲስ አኳሪየም ያቆመ አንድ ወጣት ሰምቶ ሊገዛኝ መጣ። ናይትሬትህ ስንት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ለክቶ አያውቅም። አልሸጥኩለትም፤ መለኪያዬን አውሼው ሄደ።